ማሸከሚያው ድንጋይ፦ አንዲት የዲዛይን ተለማማጅ ደሴ ላይ የሠራችው የውሃ ቅርስ ጥናት

ለምን እንደጻፍኩት

ደሴ ውስጥ ትንሽ የዲዛይን ቢሮ አለችን። ሦስት ሰዎች ነን። በየዓመቱ አንድ ሁለት ተማሪ ለኢንተርንሺፕ ይመጣል፤ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ያግዘናል፣ ወረቀቱ ላይ ማህተም እናደርግለታለን፣ ይሄዳል። የዛሬ ዓመት የመጣችው የአርክቴክቸር ተማሪ ግን እንደዚያ አልሆነችም። አንድ የሰፈር እድር አሮጌ ምንጩን እንድናድስለት ጠይቆን ስለነበር የቦታውን ታሪክ አጥንታ እንድታመጣ ላክናት። በአራት ወር ውስጥ የሆነውን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር ከርሜያለሁ፣ አሁን ልጻፈው ብያለሁ። ሌላ ከተማ ላይ የምንጭ፣ የጉድጓድ ወይም የቦኖ ታሪክ ለመሰብሰብ የሚነሳ ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

የሰው ስም አልጠቅስም። የምንጩንም ስም ትቼዋለሁ፣ የሰፈሩ ሰዎች እንዲህ ይሻላል ስላሉ።

ቦታው

ደሴ የተቀመጠችው ከጦሳ ተራራ ስር ነው፣ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። ቦርከና መሀሏን አቋርጦ በገደሉ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል፣ በልጉ ሲሰምር ደግሞ ቀደም ብሎም ይጥላል። ጦሳ ላይ የወረደው ውሃ በተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ይሰርጋል። ከስር ውሃ የማያሳልፍ አፈር ሲገጥመው ወደ ጎን ይሄድና ተዳፋቱ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ደሴን በክረምት የሚያሰጋት የመሬት መንሸራተትም ከዚሁ ውሃ ጋር የተያያዘ ነው፤ አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ላይ ዲዛይናችንን የቀየረው እሱ ነው።

ቧንቧ ከመግባቱ በፊት ሰው የሚኖረው በምንጭ ነበር። ዛሬ ደሴ ላይ «ቧንቧ ውሃ» የሚባል ሰፈር አለ። ታክሲ ላይ በየቀኑ ስንጠራው ምንም አይመስለንም፤ ግን ሰፈር በቧንቧ የሚጠራው ቧንቧ ብርቅ በሆነበት ዘመን ነው። ልጅቷ ማስታወሻዋን የጀመረችው በዚህ ስም ነው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ከቧንቧው ጋር ቦኖ መጣ፣ ከዚያ የግቢ ቆጣሪ፣ አሁን ደግሞ ውሃው በፈረቃ ስለሆነ አቅም ያለው ሁሉ ሮቶ አስቀምጧል። ውሃ ሲጠፋ ታዲያ ጀሪካን ይዞ ወደ ድሮው ምንጭ የሚወርደው ሰው ዛሬም ብዙ ነው።

የኛም ምንጭ ከነዚህ አንዱ ነው። ከላይ የድንጋይ ካብ አለ፣ ከካቡ መሀል ውሃው በብረት ቱቦ ይወርዳል። ዝቅ ብሎ ልብስ የሚታጠብበት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከዚያ ታች ከብት የሚጠጣበት ገንዳ። በቃ ይሄው ነው።

ሥራው

ካቡ ከፊሉ ፈርሷል። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቆሻሻም ይጣልበታል። እድሩ ከአባላቱ ያዋጣው ጥቂት ብር ነበረው። የእድሩ ዳኛ ቢሯችን መጥተው «ይስተካከልልን፣ ታሪኩም ይጻፍበት፣ ልጆቻችን ምንም አያውቁትም» አሉን። እኛ ለልጅቷ ሦስት ነገር አዘዝናት፦ የቦታውን ልኬት፣ ታሪኩን፣ አንድ የዲዛይን ሐሳብ።

ልጅቷ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት በሐረጎ ዳገት በሚኒባስ እየመጣች ማታ ትመለሳለች። ይሄም ኋላ ላይ ሥራው ውስጥ ገብቷል።

የመጀመሪያው ወር ለምን ባዶ ሆነ

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የኔ ነበር። ሃያ ጥያቄ ያለበት ቅጽ አዘጋጅቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ «በአካባቢዎ ያሉ የውሃ ቅርሶችን ይጥቀሱ» የሚል ነበር። አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል።

«ቅርስ» ሲባል የኛ ሰው የሚያስበው የነገሥታትን ዘውድ፣ የብራና መጽሐፍ፣ የገዳም ንዋየ ቅድሳት፣ ወይም እንደ አይጠየፍ ያለ የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ ነው። እናቱ ውሃ የቀዳችበትን ጭቃ መንገድ ቅርስ ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። ስለዚህ ልጅቷ ስትጠይቅ ሰዎቹ «እኛ ጋ ቅርስ የለም፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሂጂ» ይሏታል። አንዳንዱ ደግሞ ፈራ። ቅርስ ነው ከተባለ ይታጠራል፣ ከታጠረ መሬቱ ይወሰዳል ብሎ የሚያስብ አለ። ሁለት አባወራ «ማን ላከሽ?» ብለው መታወቂያዋን ጠየቋት።

ሁለተኛው ስህተት የጠየቅናቸው ሰዎች ናቸው። የእድሩ ዳኛ ስድስት ሽማግሌዎች ሰብስበው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አገናኟት። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ስለ ከተማዋ አመሠራረት፣ ስለ ላኮመልዛ (የደሴ የድሮ ስሟ ነው)፣ ዐፄ ዮሐንስ ደሴ ብለው ስለ መሰየማቸው፣ ስለ ንጉሥ ሚካኤል ሰፊ ወሬ አወሩላት። ደስ የሚል ወሬ ነው። ስለ ምንጩ ግን ከአንድ ገጽ አልበለጠም። ውሃ የቀዱት እነሱ አይደሉማ! ሚስቶቻቸውና እህቶቻቸው ናቸው። ከመካከላቸው አንድ አባት ይሄንኑ በቅንነት ነገሯት፦ «ልጄ፣ እኛ ውሃውን የምናውቀው ቤት ከደረሰ በኋላ ነው።»

ሦስተኛው የሰነድ ፍለጋ ነው። ስለ ድሮ የውሃ መስመር የተጻፈ ነገር ይኖረዋል ብለን ወደ አንድ መስሪያ ቤት ላክናት። አራት ጊዜ ተመላለሰች፣ ኃላፊው የለም፣ ነገ ነይ፣ ደብዳቤ አምጪ። በመጨረሻ የድሮው መዝገብ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ መጥፋቱን ነገሯት። የሚታመን ነው። ያን ጊዜ ከተማዋ ውስጥ ብዙ መስሪያ ቤት ተዘርፏል፣ የደሴ ሙዚየም እንኳ አልቀረም። ግን የመጀመሪያው ቀን ቢነግሯት ሁለት ሳምንት አይባክንም ነበር።

በወሩ መጨረሻ የተሞሉ ቅጾች ይዛ መጣች። አንብቤ ስጨርስ ስለ ምንጩ አንድም አዲስ ነገር አላወቅኩም። ልጅቷ ልታለቅስ ደርሳለች።

ጀሪካን ይዞ መሰለፍ

መፍትሔው የመጣው ከቢሯችን ጽዳት ሠራተኛ ነው። ሰፈሯ እዚያው ነው። ቅጹን አየችና «እንዲህ ብለሽ ከምትጠይቂ ለምን ውሃ አትቀጂም? ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም እዚያ ነው» አለቻት።

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ምንጭ መድረስ አይቻልም። ስለዚህ ሠራተኛችን ቤቷ አሳደረቻት። በመጀመሪያው ሌሊት ልጅቷ አንድ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ይዛ ወረደች፣ ቅጽ የለ፣ ካሜራ የለ። ተሰለፈች። ሃያ ሊትር ውሃ ብቻውን ሃያ ኪሎ ነው፤ ዳገቱን ስትወጣ ሦስት ጊዜ አረፈች። ሴቶቹ አዩዋት። በሦስተኛው ቀን አንዷ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት፣ በአምስተኛው ቀን ቡና ተጠራች።

ቡናው ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የተፈታው። አቦሉ ሲጠጣ ስለ እሷ ጠየቋት፤ ቤተሰቦቿ እነማን እንደሆኑ፣ ኮምቦልቻ የት ሰፈር፣ መቼ እንደምትመረቅ። ቶናው ላይ ስለ ውሃ ፈረቃና ስለ ኑሮ ተነሳ። በረካው ሲደርስ እሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «እማማ፣ እርስዎ ልጅ ሆነው ውሃ ከየት ነበር የሚቀዱት?» ሰማንያ የሚጠጉት እናት አንድ ሰዓት ተኩል አወሩ። ሌሎቹም እየገቡበት «የለም፣ እሱ መንገድ ኋላ ነው የመጣው» እያሉ አረሟቸው። ልጅቷ እስክሪብቶ ያወጣችው እሳቸው ራሳቸው «ጻፊው እንጂ፣ ትረሺዋለሽ» ሲሏት ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ሳምንታት የሰበሰበችው ከወሩ ሁሉ ይበልጣል። ጥቂቱን ላንሳ።

ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም። የሰፈሩ ሴቶች አራት ምንጮችን በጣዕምና በሥራ ይለያሉ። አንደኛው ለቡናና ለጠላ የሚሆን ነው። ሌላው «ከባድ ውሃ» ነው፣ ሳሙና አያረፋም፣ ሽሮም ቶሎ አያበስልም። እኛ ትምህርት ቤት ስለ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተማርነውን እነሱ በድስትና በሳሙና ያውቁታል።

ሥርዓት ነበረው። ከላይ የሚጠጣ ይቀዳል፣ መሀል ይታጠባል፣ ከታች ከብት ይጠጣል። ከላይ እግሩን የሚታጠብ ልጅ ከየትኛውም እናት ኩርኩም ይቀምሳል። ነፍሰ ጡርና አራስ ቤት የሚቀዳ ሰው ወረፋ አይጠብቅም። ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ የምንጭ ጠረጋ አለ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፣ ያልወጣ ይቀጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይወጣል፣ ሲጨርሱ ቡና ተፈልቶ ዱዓ ይደረጋል። ይሄ ጠረጋ የግቢ ቆጣሪ ከገባ በኋላ ቀርቷል።

ስለ ሰባ ሰባትም አንስተዋል። ይሄ ምንጭ ያኔ ቀጠነ እንጂ አልደረቀም አሉ፤ ከገጠር የመጡ ሰዎች ካቡ ስር ያድሩ እንደነበር አንዲት እናት ተናግረው ዝም አሉ። ልጅቷም አልገፋችበትም። ማስታወሻዋ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው፣ ያ ትክክል ነበር።

ድንጋዩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ልጅቷ በመጀመሪያው ወር ቦታውን ስትለካ ከቱቦው በስተግራ ብቻውን የቆመ ድንጋይ አግኝታ ነበር። ከመሬት ከፍታው 75 ሴንቲ ሜትር፣ ላዩ ጠፍጣፋ፣ መሀሉ ትንሽ ጎድጎድ ያለ። ፕላኑ ላይ «የፈረሰ ካብ ቅሪት፣ ይነሳ» ብላ ጻፈችበት። እኔም ፈርሜበታለሁ። መንገዱን ስለሚያጠብ ይነሳና እዚያ የሲሚንቶ አግዳሚ ወንበር ይገባል ብለን በሬንደሩ (በኮምፒዩተር በሳልነው ምስል) ላይ አሳምረን ሠርተነዋል።

በሁለተኛው ወር አንድ ማለዳ ልጅቷ ብቻዋን ቀርታ ጀሪካኑን አዝላ መነሳት አቃታት። ከእናቶቹ አንዷ ከላይ ሆነው አይተዋት ወርደው መጡ። «ምን ከመሬት ያታግልሻል? ማሸከሚያው ምን ሊሆን ነው የቆመው?» አሏት። ከዚያ ጀሪካኑን አንስተው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት፣ ጀርባዋን አዙረው ገመዱን በደረቷ አሳለፉላት፣ «ቀና በይ» አሏት። ቀና አለች። ውሃው ጀርባዋ ላይ ነው።

ከገጠር ላልመጣ ሰው ይሄን ላብራራው። እንስራ ሲሞላ ከመሬት አንስቶ ለብቻ ማዘል ከባድ ነው፤ ወገብ ይቆርጣል፣ እንስራውም ይሰበራል። ሴቶች ምንጭ ላይ ከሚባባሉት ቃል ሁሉ የሚበዛው «አሸክሚኝ» ነው። አንዷ ሌላዋን ታሸክማለች። የመጨረሻዋን ግን ማን ያሸክማታል? ድንጋዩ ለመጨረሻዋ ሴት የቆመ ነው። ጎድጓዳው የእንስራ ቂጥ ያረፈበት ነው፣ በስንት ዓመት እንደተበላ እንጃ። ቁመቱም የዘፈቀደ አይደለም። ልጅቷ አሥራ አንድ ሴቶችን ጠይቃ የወገባቸውን ቁመት ለካች፤ ድንጋዩ ለአብዛኞቹ ከወገብ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይውላል፣ ጎንበስ ሳይሉ ለመታዘል የሚመች ልክ። እኛ በኮምፒዩተር የሳልነው አግዳሚ 45 ሴንቲ ሜትር ነበር። ለመቀመጥ ጥሩ ነው። ለመሸከም ግን ምንም አይረባም።

በዚያ ምንጭ ላይ ካለው ነገር ሁሉ ዲዛይን የሚባለው ያ ድንጋይ ነበር፣ እኛ ደግሞ «ይነሳ» ብለን ፈርመንበታል። ይሄን ሳስበው አሁንም ይከነክነኛል። ስድስቱ ሽማግሌዎችም ስለ ድንጋዩ አላነሱም፤ ደብቀው ሳይሆን ተሸክመውበት ስለማያውቁ ነው።

የማን ሥራ ነው? ያየ፣ የሰማ፣ የገመተ

እድሩ ታሪኩ በሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ ፈልጓል። ታሪክ ሲባል ደግሞ ሰው ዓመተ ምህረት ይፈልጋል። ካቡን ማን ሠራው? ግማሹ የንጉሥ ሚካኤል ሰዎች ናቸው አለ። ግማሹ ጣሊያን ነው አለ፣ ከ1928 እስከ 1933 በነበረው የወረራ ጊዜ። ስብሰባው ላይ ክርክሩ ከርሮ ሁለት አባቶች ተቀያየሙ።

ልጅቷ እዚህ ላይ ያደረገችውን በጣም ወድጄላታለሁ። የሰበሰበችውን ወሬ ሁሉ ወስዳ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጠገብ ከሦስት ቃል አንዱን ጻፈች፦ ያየ፣ የሰማ፣ የገመተ። ጣሊያን ነው ያሉትን ተመልሳ «ሲሠራ አይተዋል ወይስ ሰምተዋል?» ብላ ጠየቀች። ማንም አላየም። የሰሙትንም «ከማን?» ብላ ጠየቀች። ቱቦው ሲገባ ግን ያዩ ሦስት እናቶች ተገኙ፣ ያኔ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ቱቦው የገባው ከመጀመሪያ ልጃቸው በፊት መሆኑን ያስታውሳሉ። በልጅ ልደትና በሠርግ መቁጠር ከዓመተ ምህረት የተሻለ መልስ ሰጠን።

ካቡን የሚያድሰው ግንበኛም አገዛት። የታችኛው ድርድር ያለ ሲሚንቶ የተካበ ነው፣ የላይኛው በሲሚንቶ የተያያዘ። ሁለት የተለያየ ጊዜ ሥራ ነው አለ። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት ሊኖረው ይችላል። ሰሌዳው ላይ ዓመተ ምህረት አልጻፍንም። «አንዳንድ አባቶች እንዲህ ይላሉ፣ ሌሎች እንዲያ» ብለን ሁለቱንም አስቀመጥን፣ ቀጥሎ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ወረፋውና ስለ ጠረጋው ያዩት የመሰከሩትን በሰፊው ጻፍን። የተቀያየሙት አባቶች ሰሌዳውን አንብበው ሁለቱም ረኩ።

ይጠጣል ወይ?

የመጀመሪያው ሰሌዳ ረቂቅ ላይ «የአባቶቻችን ንጹህ ውሃ» የሚል ርዕስ ነበረ። የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይታ «ይሄን እንዳትሰቅሉ፣ ከላይ ስንት ሽንት ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ?» አለችን። ናሙና አስመረመርን። ኢ. ኮላይ የሚባል፣ ውሃው ውስጥ ሰገራ መግባቱን የሚያሳይ ባክቴሪያ ተገኘበት። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የመጠጥ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ መገኘት የለበትም። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ሽታም የለው፣ ግን በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም።

ይሄን ለእናቶቹ መንገር ከባድ ነበር። «ይሄን ጠጥቼ ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ» አሉ እማማ፣ ተቀይመው። ልጅቷ ውሃው መጥፎ ነው አላለችም። «እርስዎ ልጅ ሳሉ ከላይ ቤት ነበር?» ብላ ጠየቀች። «ኧረ ጫካ ነው!» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ጨረሱት፦ «እኛው ነና ላዩ ላይ የሰፈርንበት።» ሰሌዳው ላይ ለአጠባና ለጽዳት እንደሚሆን፣ ለመጠጥ ከተፈለገ ግን ፈልቶ ወይም በውሃ አጋር ታክሞ እንዲጠጣ ተጻፈ። ያለ ክርክር አለፈ።

የተሠራው

ድንጋዩ ቦታው ላይ ቆመ። አግዳሚው ቀረ። እድሩ ሁለተኛ ማሸከሚያ ጠይቆ ከቱቦው በስተቀኝ በተመሳሳይ ቁመት ተሠራ፣ ላዩ ግን ለጀሪካን እንዲመች ጎድጓዳ ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው።

ካቡን በተመለከተ የኛ የመጀመሪያ ሐሳብ ድፍን የኮንክሪት ግድግዳ ነበር። ግንበኛው ሳቀ። «ውሃውን ካፈናችሁት ወይ ግድግዳውን ይገፋዋል ወይ ሌላ ሰው ጓሮ ይወጣል» አለ። ልክ ነው። ከኋላው ውሃ የሚጠራቀምበት ግድግዳ በክረምት የሚሸከመው ጫና ከአፈሩ ብቻ አይደለም። የደሴ ተዳፋት ላይ ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ካቡ እንደ ድሮው ያለ ሲሚንቶ ተካበ፣ ከኋላው ጠጠር ተሞላ፣ ውሃ እንዲተነፍስ ክፍተት ተተወለት።

ምንጩ በቅርስነት አልተመዘገበም። ቢሆንም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ እድሳት ስለማይፈቅድ፣ ድንጋይ ከመንካታችን በፊት ለሚመለከተው ቢሮ በደብዳቤ አሳወቅን። መልሱ ዘግይቶ መጣ፣ ግን መጣ። እናንተም አድርጉት፣ ከኋላ ከሚመጣ ጣጣ ያድናል።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የመስከረሙ ጠረጋ መመለሱ ነው። ማንም አላዘዘም። ሰሌዳው ላይ ስለ ጠረጋው ተጽፎ ስላነበቡ የእድሩ ወጣቶች «ለምን ቀረ?» አሉ።

ያልሠራው

ሰሌዳው ላይ በስልክ የሚነበብ ኮድ አድርገን ነበር፣ የእናቶቹ ድምፅ እንዲሰማበት። ማንም አልተጠቀመበትም። ኢንተርኔቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ካርድ ውድ ነው፣ ምንጭ ላይ ደግሞ ሁለቱም እጅ ተይዟል። የመጀመሪያው ሰሌዳ የባነር ህትመት ስለነበር በአንድ ክረምት ነጣ፤ አሁን ያለው ቆርቆሮ ላይ በቀለም የተጻፈ ነው።

ሌሎቹን ሦስት ምንጮች ለማካተት ያሰብነው አልተሳካም። አንዱ ሰው ግቢ ውስጥ ነው፣ ባለቤቱ ፈሩ፣ እኛም አልገፋንም። የውሃው ብክለት ደግሞ ከኛ አቅም በላይ ነው። ከላይ ያሉት ሽንት ቤቶች እስካሉ ድረስ ምንም ያህል ብናሳምረው ውሃውን አናጸዳውም።

ልጅቷም ዋጋ ከፍላለች። ዩኒቨርሲቲዋ የሚፈልገው ሳምንታዊ ሪፖርት «ዛሬ ቡና ጠጣሁ» የሚል ነገር የሚቀበል አይደለም። ሁለት ሪፖርት ተመለሰባት። እኔ ቀድሜ መምህሯን ባናግር ኖሮ አይሆንም ነበር።

ለሌላ ሰው የሚሆን

በመጀመሪያ ቃሉን ቀይሩ። «ቅርስ» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሰው የሠራውን ሥራ ጠይቁ፤ ከየት ቀዳሽ፣ በምን ተሸከምሽ፣ ማን አሸከመሽ። ኢትዮጵያ የፈረመችው የዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ስምምነትም ልማድንና ዕውቀትን ቅርስ ይላል፤ ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 የተመዘገበው በዚያ ነው። ግን ያ የቢሮ ቋንቋ ነው፣ ምንጭ ዳር አይሠራም።

ሥራውን የሠራውን ሰው አግኙ። በውሃ ጉዳይ ይሄ ማለት ሴቶች ማለት ነው፣ ብቻቸውን ሲሆኑ። ወንዶች ባሉበት ስብሰባ እነዚያው እናቶች አንድ ቃል አልተናገሩም።

የማይገባችሁን ነገር «ይነሳ» ብላችሁ አትጻፉ። እኛ አሁን ፕላን ላይ «ያልታወቀ፣ ይጠየቅ» የሚል ምልክት እንጠቀማለን። ምልክቱ ያለበት ነገር ሦስት ሰው ሳይጠየቅ አይነካም።

ጊዜ ያዙ። ከአራቱ ወር አንዱ ለመለመድ ብቻ ይሄዳል፣ ይሄን ከተማሪው መምህር ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ለተማሪዋም ማደሪያና የትራንስፖርት ብር መድቡ። የኛን ሠራተኛ ቤት ያስቸገርነው ስላላሰብንበት ነው፣ ኋላ ላይ ከፍለናታል፣ ግን መጀመሪያ መሆን ነበረበት።

አሁን ያለበት

ማስታወሻው በሁለት ቅጂ አለ፣ አንዱ እድሩ ጸሐፊ ጋ፣ አንዱ እኛ ጋ። የእናቶቹ ድምፅ ያለ ፈቃዳቸው ለማንም አይሰጥም። ልጅቷ ተመርቃለች፤ ኮምቦልቻ ላይ በሰፈሯ ያለ አንድ አሮጌ ቦኖ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ጀምራለች፣ በቅዳሜና እሁድ፣ በራሷ ብር። የኛ ምንጭ ካብ በስተቀኝ በኩል ባለፈው ክረምት ትንሽ አብጧል። ከመስከረሙ ጠረጋ በፊት ግንበኛው መጥቶ እንዲያየው ከእድሩ ዳኛ ጋር ተነጋግረናል።